ያልተበጠሰው ቀለበት

ወደ ፖሊስ ጣቢያው ስልክ የተደወለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። የደወለችው የኮምብ ኗር የተራራ ማረፊያ ጎጆ ጠባቂ አዴላይድ ናት። ብዙም አልተናገረች። «ኦኖሬ ከበረዶው ግድግዳ ወድቋል። ሐኪም አያስፈልገውም፤ የሚያነሳው ሰው ላኩ» ብላ ዘጋችው።

መርማሪ ብላንዲን ሞሪዞ ከሄሊኮፕተሩ ስትወርድ ሰማዩ ገና ጥርት ያለ ነበር። አብራሪው ግን ሞተሩን ሳያጠፋ በጣቱ ወደ ምዕራብ ጠቆማት። ከግግር በረዶው ማዶ ግራጫ ጉም እንደ ደራሽ ውሃ እየሞላ ይመጣል።

«ሬሳውን አሁን ካላነሳሁ ዛሬ አላነሳውም» አላት። «አንቺስ? ትመለሻለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

«አሥር ደቂቃ ጠብቀኝና እሱን ይዘህ ሂድ። እኔና ኤርቪን እንቀራለን።»

ኤርቪን አብሯት የመጣው ፖሊስ ነው፤ እንደ በር የሰፋ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው።

ግድግዳው ከጎጆው ፊት ለፊት መቶ እርምጃ ርቆ ቆሟል። ቁመቱ ሠላሳ ሜትር የሚሆን ሰማያዊ በረዶ ነው፤ የሸለቆው ልጆች የተራራ መሪ ለመሆን ሲነሱ መጀመሪያ የሚታገሉት ከእሱ ጋር ነው። የመሪዎች ትምህርት ቤት ኃላፊ ኦኖሬ ሜትራዬ ከሥሩ በጀርባው ተጋድሟል። ፊቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ባለጥርስ ብረቶቹ ከጫማው ሥር እንደታሰሩ ናቸው፣ መታጠቂያውም አልተፈታም። ገመዱ ግን የለም።

«ገመዱስ?»

«ጋሼ ቴዎዱል ሰብስበው ከረጢት ውስጥ ከተውታል» አለ ባዚል፣ ከሁለቱ ተማሪዎች አንዱ። ሠላሳ ዓመት የሆነው፣ አንገተ ወፍራም የሥጋ ሻጭ ልጅ ነው። «ብርድ ልብሱንም ያለበሱት እሳቸው ናቸው። እኛን ዞር በሉ ብለው አባረሩን።»

ብላንዲን ከረጢቱን ተቀብላ ለብቻዋ ከፈተችው። ረጅሙ ገመድ እርጥብ እንደሆነ ተጠምጥሟል። በገመዱ ላይ እንደተሰካ የቀረ፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ካለው አረንጓዴ ሲባጎ የታሰረ ቀለበት አገኘች። ክንድ ያህል ርዝመት አለው። ሲባጎው የትም ቦታ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮውም ጠብቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ሁለቱ ጫፎቹም ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተዋል። ከረጢቱን መልሳ አሰረችና ከትከሻዋ አልለየችውም።

ሄሊኮፕተሩ ሬሳውን ይዞ ከተነሳ በኋላ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ጉሙ ጎጆውን ዋጠው። ከመስኮቱ ውጪ ያለው ዓለም ጠፋ። ከዚያ በኋላ በኮምብ ኗር የነበሩት ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለት ፖሊሶች፣ ሁለት ተማሪዎች፣ የጎጆዋ ጠባቂና ሽማግሌው መምህር ቴዎዱል።

ሴቭሪን ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ፖስታ ታድላለች። ብላንዲን ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ስትቀመጥ ቀና አላለችም።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች።

«እንዴት አድርገሽ?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ማሰሪያ እንዴት እንደሚሠራ አስተማሩን። በረጅም የበረዶ ብሎን በረዶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበሳል፤ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ፣ ውስጥ ለውስጥ ይገናኛሉ። ሲባጎው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣና ይቋጠራል። ቀለበት ይሆናል ማለት ነው። ረጅሙ ገመድ በቀለበቱ ውስጥ ያልፍና ሰው በእሱ ይወርዳል። ሰውየውን የሚሸከመው በሁለቱ ቀዳዳ መሃል የቀረው በረዶ ነው። እኔ ቀዳዳዎቹን አቀራርቤ በስቼ መሆን አለበት። በረዶው ተሰብሮ ነው።»

«ተሰብሮ አየሽው?»

«አላየሁም። የክርስትና አባቴ ናቸው የነገሩኝ። "ቀለበትሽ ከነቋጠሮው ተነቅሎ መጣ፤ አትይው ልጄ" አሉኝ።»

«የክርስትና አባትሽ ማነው?»

«ጋሼ ቴዎዱል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ እዚህም ያመጡኝ እሳቸው።»

«ኦኖሬ በአንቺ ማሰሪያ እንደሚወርድ ማን ያውቅ ነበር?»

«ሁላችንም። ራት ላይ ተናግረዋል። "ነገ ከቁርስ በፊት በሴቭሪን ቀለበት ነው የምወርደው፤ ተማሪው ባሰረው ላይ ለመንጠልጠል የሚፈራ መምህር ቤቱ ይቀመጥ" አሉ። ደስ ብሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።»

«ተጠባባቂ ብሎን አይደረግም እንዴ?»

«ብዙ ሰው ሲወርድ ይደረጋል። የመጨረሻው ሰው ነው ነቅሎት የሚወርደው። እሳቸው ግን ብቻቸውን ነበሩ፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሳቸው ናቸው።»

«ሲባጎሽ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?»

ሴቭሪን ጥያቄው ግራ ገባት። «ቀይ። ባዚል "ለገና ስጦታ ነው እንዴ የምታስሪው?" እያለ ሲስቅብኝ ነበር የዋለው። የእሱ ሰማያዊ ነው።»

በዚህ መሃል አዴላይድ ትኩስ ሻይ ይዛ ገባች። ዕድሜዋ ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ አጥንተ ቀጭን ሴት ናት። የሴቭሪን ቀይ ጓንት አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ስላየች ሳትጠየቅ ወሰደችው። ከኪሷ የክር ጥቅሎች አውጥታ በዚያ ደብዛዛ የመስኮት ብርሃን ቀዩን መረጠች፤ መርፌውንም በአንድ ሙከራ ሰካችው።

«አልቅሺ እንጂ» አለቻት እየሰፋች። «የታመቀ ነገር ደረት ያፈርሳል።»

ሴቭሪን ግን አላለቀሰችም።

ብላንዲን ወደ ግድግዳው አናት የወጣችው ኤርቪንን አስከትላ በጎን ባለው የበረዶ ዳገት በኩል ነው። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ የራሷን የጫማ ጫፍ እንኳ የምታየው ስትጎነበስ ነበር። ከታች፣ ከግግሩ ሆድ ውስጥ፣ አልፎ አልፎ እንደ ጥይት የሚጮህ የስንጥቅ ድምፅ ይሰማል። አባቷ በሕይወት ሳለ፣ ግግሩ እንዲህ ሲጮህ ሰው እየቆጠረ ነው ይል ነበር።

አናቱ ላይ ሁለት ጥንድ ቀዳዳ አገኙ። በአንደኛው የባዚል ሰማያዊ ሲባጎ እንደታሰረ ነው። ሌላኛው ባዶ ነበር። ብላንዲን በሆዷ ተኝታ በባትሪ አበራችበት፤ በሁለቱ ቀዳዳ መሃል አንድ ስንዝር የሚሆን በረዶ አለ። ጣቷን በአንዱ፣ ከዚያም በሌላው ከተተች። ዳሰሰች። ረጅም ጊዜ ዳሰሰች።

«ሲባጎ አለህ?» አለችው።

ኤርቪን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። በባዶው ቀዳዳ አሾልካ ቋጠረችው፣ ገመድ አሳለፈችበት። ለጥንቃቄ ሁለተኛ ገመድ ከባዚል ማሰሪያ ላይ አስራ ወገቧ ላይ አደረገችና ከጠርዙ አልፋ በግድግዳው ላይ ተንጠለጠለች። ከእግሯ ሥር የሚታየው ነጭ ባዶ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ዘለለች፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወጣች።

«ሰማንያ ኪሎ ነኝ፤ ለማንም አትናገር» አለችው።

ኤርቪን ሳይስቅ ራሱን ነቀነቀ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ንፋስ ጉሙን ለአፍታ ሰነጠቀው። ከጎጆው ጀርባ የሚጀምረው ጥልቅ ስርጥ ብቅ አለና ተመልሶ ተሸፈነ። ብላንዲን ቆም አለች። «ጠርዙ ላይ ያለውን አየኸው?»

«አየሁት። ላምጣው?»

«ተወው። ማንም እንዳይጠጋው ብቻ እዚያው ቁም።»

ባዚልን ያነጋገረችው በኦኖሬ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ ጠረጴዛው ላይ ያላለቀ ደብዳቤ ተቀምጧል። ብላንዲን ጮክ ብላ አነበበችለት፤ «ለመሪዎች ማኅበር። እስከ ዛሬ ስለ ወዳጅነት ዝም ብዬ ነበር። ይህ ሰው ሌሎችን በገመድ አስሮ መምራቱን እንዲቀጥል መፍቀድ ግን ሰው መግደል ነው…» ስም የለበትም።

ባዚል ሳቀ። ሳቁ ግን ጥርሱን አላለፈም። «ስሙን አውቀዋለሁ፤ ባዚል ነው። ዓምናም ፈተናው ላይ ጥሎኛል። "እጅህ ጠንካራ ነው፣ ጭንቅላትህ ግን ገና አልበሰለም" ብሎ። በሥጋ ቤት ቋንቋ ነገረኝ እኮ!»

«ትጠላው ነበር?»

«ኧረ በደንብ! ብገድለው ግን በሴቭሪን ላይ አላላክክም ነበር። እሷን ማን ይጠላል? በዝናብም በበረዶም ደብዳቤ የምታመጣ ልጅ እኮ ናት።»

«ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ።»

«ሲወርድ ላየው ነበር የሄድኩት። ቀለበቷ ከያዘ ልቀናባት፣ ካልያዘ ልስቅባት… ይህን አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል። ስደርስ ወድቋል። ጮህኩ። ሴቭሪን ሮጣ መጣች። ቀጥሎ ጋሼ ቴዎዱል ከጎጆው ጀርባ ዞረው መጡ፣ የንፋስ መለኪያውን ሊያዩ ሄደው ነበር። ከዚያ እትዬ አዴላይድ፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ።»

«የቀለበቱን ቋጠሮ ኦኖሬ እንዴት ነው ያስተማራችሁ?»

ባዚል ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ አሰረላት፤ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ወደ አንድ ወገን ወጡ። «ይኼን ብቻ ነው የምናውቀው። ሌላ ያሰረ ሰው እዚያው ፈትቶ ይጀምራል።»

አዴላይድ በበኩሏ ምንም አልደበቀችም። ኦኖሬ በሚቀጥለው ክረምት ትምህርቱን ወደ ሌላ ጎጆ ሊያዛውር አስቦ እንደነበር፣ በዚያም ምክንያት ባለፈው እሑድ እንደተጣሉ ነገረቻት። «ሾርባዬን ይወደው ነበር፤ ጣሪያዬን ነው የጠላው» አለች። «ያንጠባጥባል አለ። እውነቱን ነው፣ ያንጠባጥባል።»

«የድሮ ቋጠሮ ታውቂያለሽ? ጫፎቹ ጀርባና ጀርባ የሚሰጣጡትን?»

«የመሪ ልጅ ነኝ። ከጡት ጋር የተማርኩት ነው። አሁን እኔና ቴዎዱል ብቻ ቀርተናል የምናስረው።»

ቴዎዱል የመጨረሻው ነበር። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጺሙ ነጭ፣ ትከሻው ገና ያልጎበጠ። በሸለቆው ውስጥ ኦኖሬን ጨምሮ ግማሹን መሪ ያስተማረው እሱ ነው። ወንበሩን በእጁ አግኝቶ ተቀመጠ።

«የሞሪዞ ልጅ ነሽ አይደል? ድምፅሽ አባትሽን ነው። ሻይ ልቅዳልሽ።»

ጠቋሚ ጣቱን በብርጭቆው ከንፈር ላይ አጥፎ ቀዳ። ሻዩ ጣቱን ሲነካው አቆመ። ብላንዲን ቃል ሳትናገር ስኳር በመዳፏ ዘረጋችለት። ሽማግሌው ከመዳፏ አልፎ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። እጇን ቆይታ መለሰች።

«ኦኖሬ እንደ ልጄ ነበር» አለ። «ለሴቭሪን ግን ነው ይበልጥ የማዝነው። ጀማሪ ናት። በረዶ አታለላት። ሕግ በዚህ ሰው ይከሳል?»

«በስህተት? አይመስለኝም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ገመዱንና ቀለበቱን ከሬሳው ላይ ያነሱት እርስዎ ነዎት?»

«በእነዚህ እጆቼ። ሌላ ማንም አልነካውም።»

«ቀለበቱ ቀለሙ ምን ነበር?»

«ቀይ ነዋ። የሴቭሪን ቀይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።»

«እርስዎ ሲያነሱትስ?»

«እየነገርኩሽ እኮ ነው፤ ቀይ ነው።»

ብላንዲን አመስግናው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግንብ ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ደስ አላላትም። ልጅ ሳለች ይህ ሰው ከግግሩ ላይ የተሰበረ ሰው ተሸክሞ በመንደሩ አደባባይ ሲገባ አይታው ነበር፤ የዚያን ቀን ወንዶቹ ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀውለታል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሙ መንቀሳቀስ ጀመረ። ብላንዲን ሁሉንም በመመገቢያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አዴላይድ ጥቁር ዳቦና ቋንጣ አቅርባ ነበር፤ የቀመሰ የለም። ኤርቪን በጀርባ በር በኩል ገብቶ ቆመ። የጀርባው መስኮት መዝጊያ ገና አልተከፈተም።

«ሁላችሁም የምታምኑት አንድ ነገር አለ» ብላ ጀመረች። «ኦኖሬ በሴቭሪን ቀለበት ላይ ተንጠለጠለ፣ በረዶው ተሰበረ፣ ቀለበቱ ከነቋጠሮው ተነቅሎ ወረደ። ባዚል፣ እስቲ ወዲህ ና።»

አውራ ጣቷንና ጠቋሚ ጣቷን አጋጥማ ቀለበት ሠራች። «አንተም እንዲሁ አድርግና ከእኔ ጋር አቆላልፈው። ጥሩ። አሁን ጣትህንም ሳትከፍት፣ ጣቴንም ሳትሰብር እጅህን አውጣ።»

ባዚል ሳበ። እጁ አልወጣም። «አይሆንም» አለ። «ወይ የእኔ ወይ የእርስዎ መከፈት አለበት።»

«ቀለበቱ ይኸው፤ አልተበጠሰም፣ አልተፈታም። በረዶውስ? ወጥቼ በጣቴ ዳሰስኩት። በሁለቱ ቀዳዳ መሃል ያለው በረዶ ስንጥቅ እንኳ የለበትም። የራሴን ሲባጎ አስሬበት ተንጠለጠልኩበት፤ ዘለልኩበት። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ይህ ቀለበት ከዚያ በረዶ ሊወጣ የሚችልበት መንገድ የለም። ስለዚህ ይህ ቀለበት እዚያ በረዶ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።»

ሴቭሪን ቀስ ብላ ቀና አለች። ከጠዋት ጀምሮ ፊቷ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

«ሴቭሪን፣ ማሰሪያሽ ጥሩ ነበር። ኦኖሬን የጣለው የአንቺ በረዶ አይደለም። ከራት በኋላ አንድ ሰው ወጥቶ ሲባጎሽን ፈታ፤ በረዶው ውስጥ ተደብቆ በሚቀረው በኩል በቢላ ከፊሉን ቆርጦ፣ እንደነበረው አድርጎ መልሶ አሰረው። ጠዋት ኦኖሬ ቋጠሮውን አየ፣ ራሱ ያስተማረው ቋጠሮ ነው። ሳብ አደረገው፣ ያዘ። ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ተበጠሰ። ያ ሰው ከታች እየጠበቀ ነበር። የተበጠሰውን ወሰደ፤ አስቀድሞ አስሮ ያዘጋጀውን ደህና ቀለበት በገመዱ ላይ ሰካ። ሁሉም ሰው "የጀማሪ ስህተት" እንዲል።»

አዴላይድ አማተበች። ቴዎዱል እጆቹን በጉልበቱ ላይ አድርጓል።

«ማነው?» አለ ባዚል። ድምፁ ወርዷል።

«መጀመሪያ ቋጠሮውን ተመልከቱ።» ቀለበቱን ከከረጢቱ አወጣችና በመዳፏ ደብቃ ቋጠሮውን ብቻ አሳየቻቸው። «ጫፎቹ ጀርባና ጀርባ ናቸው። ኦኖሬ ለተማሪዎቹ ያስተማረው ይህን አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ኦኖሬ ስለሚያየው ሰውየው ተጠንቅቆ አሰረ፤ ይህኛውን ግን ለብቻው በጨለማ ሲያስር እጁ በልማዱ ሄደ። ይህን የሚያስሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።»

«እኔና ቴዎዱል» አለች አዴላይድ በግልጽ።

«አዎ። አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ።» መዳፏን ከፈተች።

«አረንጓዴ ነው» አለች ሴቭሪን። «የእኔ አይደለም። የእኔ ቀይ ነው።»

«የአንቺ ቀይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ታዲያ የአንቺን ለማስመሰል የፈለገ ሰው ለምን አረንጓዴ አነሳ? የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ቀይ ሲባጎ ሞልቷል። አዴላይድ ከክሮቿ መሃል ቀዩን በደብዛዛ ብርሃን ለይታ መርፌ በአንዴ ትሰካለች። እሷ ብትሆን አትሳሳትም ነበር።» ብላንዲን ዞረች። «አቶ ቴዎዱል፣ ይህን ቀለበት በእጅዎ አንስተው ከረጢት ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ብጠይቅዎት ቀይ ነው አሉኝ።»

ብላንዲን ቀለበቱን ወደ ከረጢቱ መለሰችው።

«ኦኖሬ የጀመረው ደብዳቤ ስለ ባዚል አይደለም። "መምራቱን እንዲቀጥል" ይላል። ባዚል ገና መች መራና ነው የሚቀጥለው? "ስለ ወዳጅነት ዝም ብዬ ነበር" ይላል። ከባዚል ጋር ወዳጅ አልነበሩም። እርስዎ ሻይ ሲቀዱ በጣትዎ ነው የሚለኩት። ስኳር ዘርግቼልዎት አላዩትም።»

ወደ ጀርባው መስኮት ሄዳ መዝጊያውን ከፈተችው። ጉሙ ከስርጡ ተነስቷል። ከታች፣ ከጎጆው ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ጥርት ያለ ነጭ በረዶ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ሁላችሁም ኑ። እዚያ ጠርዝ ላይ ምን ይታያችኋል?»

«ቀይ ነገር» አለ ባዚል ወዲያው። «ሲባጎ ነው።»

«በረዶው ላይ ተጋድሟል» አለች አዴላይድ። «አምላኬ።»

ሴቭሪን ግን የክርስትና አባቷን ነበር የምታየው። ቴዎዱል ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ዓይኑን አጥብቦ ፈለገ። ወደ ግራ ፈለገ፣ ወደ ቀኝ ፈለገ።

«ስርጡ ውስጥ ገባ ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ወርውሬ ጆሮዬን ጣልኩ። ድምፅ አልነበረውም። ጥልቅ ገባ አልኩ።»

ኤርቪን በገመድ ወርዶ አመጣው። ቀይ ሲባጎ ነው፤ ከተበጠሰበት ጫፍ ግማሹ በስለት የተቆረጠ፣ ግማሹ የተተረተረ። ብላንዲን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ቴዎዱል ወደ ወንበሩ ተመልሶ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። «አራት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ቀለማት ሄዱ። ከዚያ ዳር ዳሩ። መንገዱን ሁሉ በእግሬ ስለማውቀው ማንም አልነቃብኝም። ባለፈው መስከረም ሁለት ሰው አስሬ ወደ ስንጥቁ አፍ ስሄድ ኦኖሬ ከኋላ ጮኸብኝ። ሦስት እርምጃ ነበር የቀረኝ። "ወይ በራስህ አቁም ወይ እጽፋለሁ" አለኝ። እስከ ትንሣኤ ጊዜ ሰጠኝ።»

«ለምን አላቆሙም?» አለች ብላንዲን።

«አቁሜ ማን ልሆን? በዚህ ሸለቆ ቴዎዱል ማለት መሪ ማለት ነው። ሌላ ምንም አይደለሁም።»

ሴቭሪን ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች። «በእኔ ቀለበት ለምን አደረጉት?»

«የጀማሪ ስህተት ይባላል ብዬ ነው ልጄ። በስህተት የሚታሰር የለም። ወጣት ነሽ፤ ይረሳል።»

«ማነው የሚረሳው?»

ሽማግሌው እጁን ወደ ድምጿ ዘረጋ፤ አልያዘችውም።

«ጠዋት እጄን ይዘው ሲያጽናኑኝ» አለች፣ «እጅዎ አልተንቀጠቀጠም ነበር።» ይህን ብላ ወደ ምድጃው ተመልሳ ሄደች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ አዴላይድ ትከሻዋን አቅፋ እስኪወጣላት ድረስ ጠበቀቻት።

አብራሪው በሬዲዮ ተገኘ። ጉሙ ከጎጆው ተነስቶ ሸለቆው ላይ ስለተኛ መነሳት እንደማይችል፣ ነገም ማዕበል እንደሚመጣ ተናገረ። ቀን ሳለ በግግሩ ላይ በእግር መውረድ ነበረባቸው፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ፣ በስንጥቅ የተሞላ መንገድ ነው።

ደጅ ላይ ባለጥርስ ብረታቸውን አሰሩ። ንፋሱ የበረዶውን ዱቄት በእግራቸው መሃል ያስኬደዋል። ብላንዲን ሽማግሌውን በካቴና አላሰረችውም፤ በዚያ መንገድ ላይ እጁ የታሰረ ሰው ከወደቀ አይነሳም። በገመድ ግን መታሰር ነበረበት፣ እንደ ማንኛውም ተጓዥ።

«እኔ እመራለሁ» አለ ባዚል። «ሴቭሪን፣ አንቺ ከኋላ ሁኚ። የሆነብሽ ይበቃል።»

«መንገዱን ባለፈው ሳምንት ኦኖሬ ሁለት ጊዜ አስመርተውኛል» አለችው። «አንተ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመራኸው። እኔ እቀድማለሁ።»

ባዚል ብላንዲንን አየ። ብላንዲን ገመዱን ለሴቭሪን ሰጠቻት።

ሴቭሪን የገመዱን ጫፍ በመታጠቂያዋ ላይ አሰረች። ስምንት ሜትር ለካችና ወደ ቴዎዱል ሄዳ ከፊቱ ተንበረከከች። ገመዱን በመታጠቂያው አሳልፋ ቋጠረችው፣ ሳበችው፣ እንደገና አጠበቀችው። ከዚያ፣ ተማሪ ሁሉ ከመነሳቱ በፊት እንዲል የተማረውን አለች።

«ፈትሹልኝ።»

ሽማግሌው ጓንቱን አወለቀ። በብርዱ ውስጥ ጣቶቹ ቋጠሮውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

«ደህና ነው» አለ።

ሴቭሪን ዞራ ወደ ግግሩ ወረደች። ገመዱ ከበረዶው ላይ ተነሳ፣ ቀጥ አለ፤ ቴዎዱልም ገመዱ ወደ ሳበው ተከተለ።